ኢዲዶ ያልደረሰው መልስ

አስቀድሜ ልናገር፤ የዚህ ታሪክ መጨረሻ ደህና አይደለም። እኔ ራሴ ታሪክ ሳነብ መጨረሻው ላይ አንድ የሚያጽናና ነገር ካላገኘሁ ጸሐፊውን የምረግም ሰው ነኝ። ስለዚህ ብትረግሙኝ አልቀየማችሁም። ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስከዛሬ ለማንም በሙሉ አልተናገርኩትም። በግማሽ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የቀረውን ግማሽ ነው አሁን የምጽፈው።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዲላ ተወልጄ፣ ዲላ ያደግሁ፣ በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ አጥቼ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነኝ። በመጨረሻ በከተማችን ያለ አንድ የጤና ተቋም፣ ስሙን ተዉት፣ የካርድ ክፍሉንና የላብራቶሪውን አሠራር ወደ ኮምፒውተር እንድለውጥ በኮንትራት ቀጠረኝ። ልጅ ስላችሁ ትሑት እንዳልመስላችሁ። ላፕቶፔን አንግቤ በግቢው ስገባ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ከእኔ በፊት እዚያ ቤት የነበረው ሁሉ በጨለማ ሲዳክር የኖረ ይመስለኝ ነበር።

ከተማርኩት ሁሉ አብልጬ የምወደው የመረጃ ፍሰት ሥዕል የሚባለውን ነው። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፣ ከባድ ነገር አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መረጃ ከየት ተነሥቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ የት እንደሚደርስ ወረቀት ላይ ትሥላላችሁ። ሥራው ክብ ነው፤ መረጃው ቀስት ነው፤ የሚቀመጥበት መዝገብ ሁለት መስመር ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ያለ ሰው ደግሞ አራት ማዕዘን ሳጥን ነው። ፕሮግራሙ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ሥዕሉን እያዩ ነው። ሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር ፕሮግራሙ ውስጥ አይገኝም።

ሥዕሉ ሕግ አለው። ከሕጎቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ ከሥርዓቱ ውጭ ያሉ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ነገር አይሣልም፤ የእኛ ጉዳይ አይደለምና። አስተማሪያችን በሁለት ሳጥኖች መካከል ቀስት ያሠመረ ተማሪ ሲያገኙ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ያደርጉበት ነበር። እኔ አንድም ቀን ኤክስ አግኝቼ አላውቅም።

ሥራ እንደጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ጠየቅሁ። ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪ፣ የእርግዝና ክትትል፣ መድኃኒት ክፍል። ከሁሉም ያስገረመኝ የበሩ ዘበኛ የጋሽ ጂግሶ ሥራ ነበር። ጋሽ ጂግሶ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ በክረምትም በበጋም አንድ ካኪ ኮት የሚለብሱ የጌዴኦ ሰው ነበሩ። ወደ ሌላ ከተማ የተላከ ምርመራ መልሱ እስኪመጣ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ታካሚው ደግሞ ገጠር ገብቷል። መልሱ ሲመጣ ላብራቶሪው የታካሚውን ስምና ቀበሌ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለጋሽ ጂግሶ ይሰጣል። እሳቸው ወረቀቶቹን በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። የሚገባውን ሰው ሁሉ ይጠይቃሉ። ከኮቸሬ ነህ? ከኢዲዶ ነሽ? የማን ልጅ ነሽ? ሰው ሲገኝ ወረቀቱን ይሰጡታል። እሱም ወስዶ ለቀበሌው ጸሎት ቤት ያስረክባል። እሁድ አምልኮ ሲያልቅ፣ ማስታወቂያ በሚነበብበት ሰዓት፣ "እገሊት ዲላ ሐኪም ቤት ትፈለጋለች" ይባላል። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ሴትየዋ በሩ ላይ ናት።

ይህን ስሰማ ራሴን ያዝኩ። የሰው ምስጢር በጸሎት ቤት ይታወጃል? አንዲት ሴት ሐኪም ቤት መፈለጓን መንደሩ ሁሉ ይስማ? ይህ ትክክል አይደለም ብዬ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አሳወቅሁ፣ እሱም ተስማማ። ዛሬም ቢሆን በዚህ ነገር ተሳስቼ ነበር ለማለት አፌን ሞልቼ አልችልም። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ሥዕሉን ስሠራ ግን መጀመሪያ ጋሽ ጂግሶን አስገብቻቸው ነበር። አንድ ሳጥን "ዘበኛ"፣ አንድ ሳጥን "መንገደኛ"፣ አንድ ሳጥን "ታካሚ"። በሦስቱ መካከል ቀስት ሳሠምር ሕጉ ትዝ አለኝ። ሦስቱም ከሥርዓቱ ውጭ ናቸው። ቀስቶቹን አጠፋሁ። ቀስት የሌለው ሳጥን ደግሞ ሥዕል ላይ ትርጉም ስለሌለው ሳጥኖቹንም አጠፋሁና ታካሚውን ብቻ አስቀረሁ። ከላብራቶሪው መዝገብ ወደ ታካሚው አንድ ቀጥ ያለ ቀስት አሠመርኩ፤ ላዩ ላይ "የስልክ መልእክት" ብዬ ጻፍኩበት። በጣም ያምር ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ጂግሶ ቢሮዬ ገብተው ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትን አዩ።

"ልጄ፣ ይሄ ቤታችን ነው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሽ ጂግሶ። ይሄ ካርድ ክፍል ነው፣ ይሄ ላብራቶሪ ነው።"

"እኔስ የት ነኝ?"

"እርስዎ ከእንግዲህ በወረቀት አይደክሙም። ስልክ ይናገርልዎታል።"

"እሺ፣ ጥሩ ነው" አሉና ወደ በራቸው ተመለሱ።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ ሦስት ወር ያህል ሁሉም ሰው አመሰገነኝ። መልእክቱ በአማርኛ ፊደል ሲላክ ስልኩ እየቆራረጠ አስቸገረኝና በአጭር እንግሊዝኛ አደረግሁት። ማንም አልተቃወመም። ቁራጭ ወረቀት መጻፍ በደብዳቤ ተከለከለ።

አሁን ወደዚያች ማክሰኞ ልምጣ። ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ዝናቡ ገና አላባራም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የእርግዝና ክትትል የምትሠራው ሲስተር አልማዝ በሬን ከፍታ ገባች።

"ቤቲ፣ ያቺ የኢዲዶዋ ዘነበች መጥታ ነበር እንዴ? እኔ ፈቃድ ላይ ሆኜ አምልጣኝ ይሆናል።"

"የቷ ዘነበች?"

"ሾተላይ የጠረጠርኳት። ደሟን አዲስ አበባ ልከን ነበር እኮ። ቀኗ ደርሷል፣ መልሱ ሳይመጣም አይቀርም።"

የዘነበችን ነገር ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አላት። ከእሷ በኋላ የወለደቻቸው ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላቸው ቢጫ ሆነው ሞተዋል። ሾተላይ ማለት የእናቲቱ ደም ከሚረገዘው ልጅ ደም ጋር ሳይስማማ ሲቀር ነው። ምርመራው ይህን ካረጋገጠ ዘነበች ቀኗ ሳይደርስ ሐዋሳ ሄዳ መውለድ ነበረባት። እዚያ የልጁ ደም ወዲያው ይለወጥለታል። ያ ከሆነ ልጁ ይተርፋል። ካልሆነ እንደ ወንድሞቹ ነው። ሲስተር አልማዝ ይህን ሁሉ ለዘነበች አስረድታ፣ "መልሱ ሲመጣ እንጠራሻለን" ብላ ነበር የሸኘቻት።

ስሟን ኮምፒውተሩ ላይ ፈለግሁ። ወዲያው ወጣ። መልስ ገብቷል፤ ሾተላይ ተረጋግጧል፤ መልእክት ተልኳል። ቀኑን ሳየው ሃያ ስድስት ቀን አልፎታል።

"ተልኮላታል እኮ" አልኩ። እንዲህ ስል ድምፄ ውስጥ ኩራት ነበረበት፤ አልዋሻችሁም።

"ታዲያ የት አለች?" አለች ሲስተር አልማዝ።

በተመዘገበው ቁጥር ደወልኩ። ወንድ አነሣው።

"ዘነበችን ፈልጌ ነበር።"

"ዘነበች የወንድሜ ሚስት ነው። እኔ ሀገረ ማርያም ነኝ፣ ለሥራ መጥቼ። እነሱ ስልክ የላቸውም፣ የኔን ነው ያስመዘገቡት። ማን ልበል?"

"ከዲላ ሐኪም ቤት ነው። የዛሬ ወር ገደማ መልእክት ደርሶህ አልነበረም?"

"የእንግሊዝኛ ነገር መጥቶ ነበር። ሽልማት ምናምን እያሉ የሚልኩት መስሎኝ አጠፋሁት። ምን ነበር?"

"ዘነበች እንዴት ናት?"

"ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወልዷል እኮ! እሁድ። ወንድ ነው አሉኝ።"

ሲስተር አልማዝ ከፊቴ ነገሩን አነበበችው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና በጣቷ ቆጠረች። እሁድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። "ሦስተኛ ቀኑ ነው" አለች። "ገና ካልጠናበት፣ እየጠባ ከሆነ፣ ሐዋሳ ካደረስነው ይተርፋል። ዛሬ ግን መውጣት አለበት። ዛሬ።"

አምቡላንሱ ጨለለቅቱ አካባቢ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ወጥቷል። ሲስተር አልማዝ ምጥ ላይ ያለች ሴት ትታ መሄድ አትችልም። "እኔ እሄዳለሁ" አልኩ። ጌዴኦኛዬ ግን ገበያ ላይ ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍም። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ወደ በሩ ሄጄ ለጋሽ ጂግሶ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ እየጠበቅሁ ነበር። አልተቆጡም። ለባልደረባቸው በሩን አስረክበው ኮታቸውን ቆለፉና "ነይ" አሉኝ።

መናኸሪያ ስንደርስ የይርጋጨፌ ሚኒባስ ገና ግማሹ ነው የሞላው። ሾፌሩን ለመንኩት፤ ይሞላል፣ ይሞላል እያለ ሻዩን ይጠጣል። ጋሽ ጂግሶ ገብተው ለተሳፋሪዎቹ በጌዴኦኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሁለት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንድ ሽማግሌ ወርደው ሾፌሩን በክንዱ ያዙት። ሚኒባሱ ሳይሞላ ተነሣ።

መንገድ ላይ ብዙ አልተነጋገርንም። ወናጎን ስናልፍ አላስችለኝ አለና ጠየቅኋቸው።

"ጋሽ ጂግሶ፣ ያኔ ለምን አልተከራከሩኝም?"

"አንቺ የተማርሽ ነሽ። ስልክ ከሰው ይፈጥናል አልሽ፣ እኔም አመንኩ።" ከዚያ በመስኮቱ እያዩ ጨመሩ። "ዘነበችን አውቃታለሁ፤ አባቷ ወዳጄ ነበር። በዚህ ወር ውስጥ ከኢዲዶ የመጣ ሰው በኔ በር ያላለፈበት ሳምንት የለም። ዘነበች እንዴት ናት እላለሁ። ደህና ናት ይሉኛል። እኔም ሰላም በሉልኝ እላለሁ። በቃ ይሄው ነው።"

እንግዲህ አስቡት። መልሱ ከጋሽ ጂግሶ በር ሠላሳ እርምጃ የማይሞላ ቦታ፣ የእኔ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ወሳጁ ሰው በየሳምንቱ በበሩ ያልፋል። ጋሽ ጂግሶ ሰላምታ ይልካሉ። ያን ሰዓት የተሰማኝን ነገር ስም ልሰጠው አልችልም፤ መኪናው ውስጥ ሰው ባይኖር እጮህ ነበር።

ይርጋጨፌ ላይ ሞተር ያዝን። ሦስት ሆነን ተቀመጥን፣ ሾፌሩ ፊት፣ ጋሽ ጂግሶ መሐል፣ እኔ ኋላ። መንገዱ በዝናቡ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ሁለት ጊዜ ወድቀን ተነሣን። ሦስተኛው ላይ የሞተሩ ጎማ ሰምጦ እምቢ ሲል ሾፌሩን እዚያው እንዲጠብቀን ነግረን በእግር ቀጠልን። የሚቀረው ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነበር። በግራም በቀኝም ሰው ቡና ይለቅማል፤ የማድረቂያ አልጋዎቹን የሚጠግኑ ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ጂግሶን የሚያውቃቸው ብዙ ነው። ሰላም ለማለት ሲያቆሟቸው እጃቸውን ብቻ አንሥተው ያልፉ ነበር፤ እንዲህ ሲያደርጉ አይቼአቸው አላውቅም። እኔ በልቤ እየጠባ ይሁን፣ እየጠባ ይሁን እላለሁ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

የዘነበች ቤት ከእንሰቱ ጀርባ ነው። ባሏ በቀለ ሬኮ በሚባል ቦታ ቡና ማጠቢያ ሥራ ስላገኘ እቤት አልነበረም። አማቷ በር ላይ ተቀብለውን ለጋሽ ጂግሶ ብዙ ነገር በጌዴኦኛ ነገሯቸው። ጋሽ ጂግሶ ወደ እኔ ዞር ብለው "ከትናንት ማታ ጀምሮ ጡት አልያዘም ይላሉ። ፀሐይ ላይም አውጥተነው ነበር ነው የሚሉት" አሉኝ።

ዘነበች ከእኔ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ብትበልጥ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ፊቱ ቢጫ ነው፤ የዓይኑ ነጭም ቢጫ ነው። ትንሽ ጀርባው ወደ ኋላ ይለመጣል፤ ከዚያ በቀጭን ድምፅ ይጮኻል፣ ከዚያ ዝም ይላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን አየሁት።

"ከዲላ ነው የመጣሁት" አልኳት።

"መልሱ መጣ እንዴ?" አለችኝ በአማርኛ።

"መጥቷል። አሁን እንሂድ፣ ሞተር አለ።"

ከአልጋው ራስጌ አንድ የታሰረ ጨርቅ አነሣች። ውስጡ የልጅ ልብስ፣ አንድ ጋቢና የክትትል ካርዷ ነበር። ለመሄድ ከወር በፊት ጀምራ አዘጋጅታ አስቀምጣው ነው። "ሲስተሩ እንጠራሻለን አለኝ" አለች እየተነሣች። "በየእሁዱ ጸሎት ቤት ማስታወቂያ እሰማ ነበር። ስሜ አልተጠራም። ካልተጠራሁ ደህና ነው ማለት ነው ብዬ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።"

ጨርቁን ተቀበልኳትና ወጣን።

ሞተሩ ድረስ በእግሯ ሄደች። የሦስት ቀን አራስ ናት። ጋሽ ጂግሶ ሞተሩ ላይ ቦታ ስለሌለ "እኔ በእግር እደርሳለሁ፣ እናንተ ሂዱ" ብለው ቀሩ። ልጁን ደረቷ ላይ በጋቢ አሰርን፤ እኔ ከኋላ አቅፌ ያዝኳት። ይርጋጨፌ እስክንደርስ ሁለት ጊዜ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። ልቅሶው ደስ ያሰኘኝ ነበር።

ከይርጋጨፌ ሚኒባስ ወዲያው አገኘን። ሲስተር አልማዝ ደወለችልኝ፦ አምቡላንሱ ተመልሷል፣ ሐዋሳም አነጋግሬ ቦታ ተዘጋጅቷል፣ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ለዘነበች ነገርኳት። "አየሽ፣ ሁሉም ዝግጁ ነው። ሐዋሳ ደሙን ይለውጡለታል፣ ይድናል" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችው፤ መልሳ ሸፈነችው። ወናጎን አለፍን። ምናልባት ከፍርሃት የተነሣ ይሆናል፣ አፌ አልዘጋ አለኝ። ስለ ሐዋሳ ሐኪሞች፣ ስለ ሲስተር አልማዝ ጉብዝና፣ ስሙን ማን ልትሉት ነው እያልኩ ለፈለፍኩ። ስሙን ስጠይቃት በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ዲላ ስንገባ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በሩ ላይ አምቡላንሱ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል፤ ሲስተር አልማዝ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ቀድሜ ወርጄ "ስጪኝ ልጁን" አልኳት። አልሰጠችኝም። ቀስ ብላ ወረደች፤ ሚኒባሱ እስኪሄድ ጠበቀች።

"ወናጎ ላይ ነው" አለች።

"ምኑ?"

"ያረፈው።"

ሲስተር አልማዝ ጋቢውን ገለጠች፤ መልሳ ሸፈነች። እኔ እንደ ሞኝ "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኩ።

"ከተናገርኩ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ መኪናው ይቆማል። ሬሳ ይዤ ማን ይጭነኛል?" አለች። ቆይታ ደግሞ "አንቺም ብዙ ሮጠሻል" አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው መሬት ላይ የተቀመጥኩት። እሷ ቆማ ነበር።

ጠዋት ጠፍቶ የነበረው አምቡላንስ እናትና ልጅን ወደ ኢዲዶ መለሳቸው። በማግስቱ ቀበሩት። ስም ሳይወጣለት ነው የተቀበረው።

ከሳምንት በኋላ ስለ ነገሩ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች፣ ሲስተር አልማዝና እኔ። ሥዕሌ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። አንደኛው ሰውዬ ከእኔ የበለጠ የተማረ ነው። እያንዳንዱን ቀስት በእርሳስ እየተከተለ ግማሽ ሰዓት ፈተሸው። እኔ ስሕተቱን እንዲያገኝ ተመኘሁ፤ እውነቴን ነው፣ ኤክስ እንዲያደርግብኝ ፈለግሁ።

"ንጹሕ ሥራ ነው" አለ በመጨረሻ።

ሲስተር አልማዝ "ንጹሕ ከሆነ ልጁ ለምን ሞተ?" አለች። የቁራጭ ወረቀቱ አሠራር ቢያንስ ለአስቸኳይ መልስ ይመለስ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ሥራ አስኪያጁ የራሴን ደብዳቤ አውጥቶ አነበበልኝ፤ የታካሚን ምስጢር ስለመጠበቅ የጻፍኩትን። ቃለ ጉባኤው ላይ "ሥርዓቱ በታቀደው መሠረት ሠርቷል፤ ታካሚዋ ያስመዘገበችው ስልክ የራሷ ባለመሆኑ መልእክቱ አልደረሰም" ተብሎ ተጻፈ። ጥፋቱ የዘነበች ሆነ ማለት ነው። ሲስተር አልማዝ አልፈርምም ብላ ወጣች። እኔ ፈረምኩ። ኮንትራቴ ሊታደስ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው። አሁን የቀረውን ልጻፍ።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ ጋሽ ጂግሶ ዘነበችን ይዘው ቢሮዬ መጡ። ከስታለች፤ ነጠላዋ ንጹሕ ነው። ወንበር ስሰጣት ጫፉ ላይ ተቀመጠች። የመጣችው የምርመራውን መልስ ልትወስድ ነው። "የኔ ደም ስለሆነ ወረቀቱ ይሰጠኝ" አለች። አተምኩና ሰጠኋት። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷ በየትኛውም ቋንቋ አታነብም። ገልብጣ አየችው። ከዚያ ለጋሽ ጂግሶ በጌዴኦኛ አንድ ነገር ጠየቀች።

"መቼ ነው የመጣው ትላለች" አሉኝ ጋሽ ጂግሶ።

ቀኑ ወረቀቱ ላይ አለ። እሷ አታየውም እንጂ በትልቁ ተጽፏል። ልጁ ከመወለዱ ሃያ አራት ቀን በፊት። ሐዋሳ ሄዳ፣ ተኝታ፣ ወልዳ፣ ይዛው ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ ነበር።

አያችሁ፣ በዚያች ደቂቃ እውነቱን ብናገር ትጮህብኛለች ብዬ አልፈራሁም። ብትጮህብኝማ በወደድኩ። የፈራሁት ዝም ብላ እንድታየኝ ነው። ለእሷ አዝኜ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር፤ ሐሰት ነው። ለራሴ ነው ያዘንኩት።

"ከወለደች በኋላ ነው የመጣው" አልኩ።

ጋሽ ጂግሶ አዩኝ። ቀኑን ያውቃሉ፤ እኔው ነኝ ሚኒባስ ውስጥ የነገርኳቸው። ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ያልኩትን እንዳለ ተረጎሙላት።

ዘነበች ለረጅም ጊዜ ይዛው የቆየችውን ነገር የጣለች ያህል ትከሻዋ ወረደ። "እንግዲያ ከእግዚአብሔር ነው" አለች በአማርኛ፣ እንድሰማት። "እኔ ደግሞ ሳልጠራ መምጣት ነበረብኝ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ነበር።" ተነሥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። "አንቺ ስለኔ ጭቃ ላይ ወድቀሻል። ማኅፀንሽ ይባረክ። ልጅሽን አቅፈሽ አሳድጊ" አለችኝ። ወረቀቱን አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችውና ወጣች።

ጋሽ ጂግሶ ከኋላዋ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። የሚናገሩኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። በሩን ቀስ አድርገው ዘግተውት ሄዱ። በዚያው ዓመት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሰላምታ አልነፈጉኝም፣ ግን "ልጄ" ብለው ዳግመኛ አልጠሩኝም።

ይህ ነገር ምን ለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ኮንትራቴ ታደሰ፣ እኔ ግን በወሩ ለቀቅሁ። አሁን አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ያንኑ ሥዕል አስተምራለሁ። ያንኑ ሕግ አስተምራለሁ፣ ፈተናው ላይ ይመጣልና። ቀጥዬ ለተማሪዎቼ እላቸዋለሁ፦ ከመሣላችሁ በፊት አንድ ሳምንት የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቁሙ፤ ማን ለማን ምን እንደሚነግር ስሙ፤ ለማጥፋት ከመቸኮላችሁ በፊት የምታጠፉት ሰው ኪሱ ውስጥ ምን እንደያዘ ጠይቁት። ይጽፋሉ። ከዚያ አንዱ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ ይሄም ፈተና ላይ ይመጣል?" ይለኛል። አይመጣም እላለሁ። ወረቀቱ ላይ ሲሰርዙት አያለሁ።

ያ ፕሮግራም ዛሬም ይሠራል። ወደ ሁለት ሌሎች ቦታዎችም ተወስዷል አሉ። ዘነበች ዳግመኛ አርግዛ እንደሆነ አላውቅም፤ ካረገዘችም የሚጠራት ስልክ የማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ደግሞ አግብቼ ባለፈው ዓመት ወንድ ልጅ ወልጃለሁ። ጤነኛ ነው። ገና እንደተወለደ ሲያስታቅፉኝ "ማኅፀንሽ ይባረክ" የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣና እንዲወስዱልኝ ለመንኳቸው። አዋላጆቹ ድካም ነው አሉ።

አሁን እናንተ እውነቱን አወቃችሁ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ያነበዋል፣ ሐዋሳ ያለ ሰው ያነበዋል፣ ዲላም የሚያውቁኝ ያነቡታል። ዘነበች አታነብም፤ ስጽፈው ይህን አውቃለሁ፤ የደፈርኩትም ስለማታነብ ነው። ጋሽ ጂግሶ ዐርፈዋል። ያን ሐሙስ ቢሮዬ ውስጥ ከነበርነው ቀኑን ሊነግራት የሚችል ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ከዲላ ኢዲዶ በመኪናና በሞተር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አልሄድኩም።